የሮንዳ ሠላሳ ሰባት ሞተሮች

ሮንዳ ሶርሊ የሞተር ሕመም በጆሮዋ ታውቃለች። ሃሎራን በምትባለው የምሥራቅ ሞንታና ከተማ ዳር፣ ከስንዴው ማሳ አጠገብ ጋራዥ አላት። የሣር ማጨጃው፣ የእንጨት መቁረጫው፣ ጄኔሬተሩ፣ በረዶ መጥረጊያው፣ ትንሽም ቢሆን ሞተር ያለው ነገር ሁሉ ሲበላሽ ወደ እሷ ይመጣል። ሌላው ሰው ግማሽ ቀን ፈታትቶ የማያገኘውን ብልሽት እሷ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትሰማና «ካንዴላው ነው» ወይም «ካርቡሬተሩ ቆሽሿል» ትላለች። ስትሳሳት ያየ የለም።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነበር። ማሽኑን ፈትታ እጇ በግራሶ እስኪጠቁር ትሠራና፣ ፒንሳ ልታመጣ ስትነሣ ዓይኗ ሌላ ማሽን ላይ ያርፋል። የእሱን ክዳን ትከፍታለች። ከዚያ ስልክ ይጮሃል፤ ስልኩን ስትፈልግ የጠፋባትን መፍቻ ታገኛለች፤ መፍቻው ደግሞ ሦስተኛ ማሽን ያስታውሳታል። እንዲህ እያለ ሃምሳ ሦስት ዓመት ሲሞላት ከጋራዡ ጀርባ ባለው ግቢ ሠላሳ ሰባት ማሽኖች ተራ ይጠብቁ ነበር። የአንዳንዶቹ የባለቤት ስም የተጻፈበት ወረቀት በዝናብ ታጥቦ ነጥቷል። የሃሎራን ሰዎች «ሮንዳ ጋ የገባ ማሽን ጡረታ ወጣ ማለት ነው» እያሉ ይቀልዱ ነበር። እሷም አብራ ትስቃለች። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ግን ግቢውን ላለማየት በፊት ለፊቱ በር ትወጣለች።

ባሏ ጌለን የእህል መኪና ሹፌር ነው፤ ዝምተኛና ረጋ ያለ ሰው። ከሠላሳ ዓመት ትዳር በኋላ የመኪና ቁልፍ ሲጠፋ መጀመሪያ ፍሪጅ ውስጥ ይፈልጋል፤ አብዛኛውን ጊዜም እዚያ ያገኘዋል።

አንድ የየካቲት ጠዋት ሮንዳ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ልታጠብቅ ፈታችው። አንድ መፍቻ ጎደላትና ዋናውን ውሃ ሳትዘጋ፣ «አሁን እመጣለሁ» ብላ ጨርቅ ወትፋበት ወደ ጋራዡ ሄደች። መፍቻውን ስትፈልግ የተሰበረ የወፍ ቤት አየች። ጣሪያው ሁለት ምስማር ነው የሚፈልገው። ምስማር ስትፈልግ የቀለም ቆርቆሮ አገኘች። ጌለን ከሰዓት በኋላ ሲመለስ እሷ ቀይ ቀለም የተቀባ የሚያምር የወፍ ቤት ይዛ ወደ ቤት ስትገባ አገኛት። በሩን ሲከፍቱት ውሃው ጫማቸው ላይ ፈሰሰ።

ጌለን ሱሪውን ጠቅልሎ ገባና ውሃውን ዘጋ። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሚስቱን ሲያያት ሳቁን ተወው፤ የወፍ ቤቱን እንዳቀፈች ግድግዳ ተደግፋ ታለቅሳለች።

«ሮንዲ፣ እኔ እኮ አልተናደድኩም» አላት።

«ተናደድ እንጂ! እኔ በራሴ ተናድጃለሁ። እናቴ ልክ ነበረች፤ ሰነፍ ነኝ።»

ጌለን ባልዲውን አስቀመጠ። «ሰነፍ ሰው አውቃለሁ፤ ወንድሜ አለ። ሰነፍ ሰው ይቀመጣል። አንቺን ተቀምጠሽ አይቼሽ አላውቅም። ይኼ ሌላ ነገር ነው።»

ይህ ንግግር ውስጧ ገባ። በማግስቱ ስልኳን ስትነካካ አንድ ማስታወቂያ ወጣላት፤ «ትኩረት ያስቸግርሃል? በአሥር ደቂቃ መፍትሔ» ይላል። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ አነበበቻቸው። የጀመሩትን አለመጨረስ፣ ዕቃ መጥፋት፣ ሰው ሲያወራ ሐሳብ መሄድ። አንድ ሰው ቤቷ ገብቶ ሲሰልላት የከረመ መሰላት። መጠይቁን ሞላችው። ማታውን «መድኃኒትዎ ታዟል፤ ከአቅራቢያዎ መድኃኒት ቤት ይውሰዱ» የሚል መልእክት መጣ።

በሃሎራን መድኃኒት ቤት አንድ ነው፤ ፋርማሲስቷም አንድ ናት፤ ማርሊስ ትባላለች። ከሮንዳ ጋር አንድ ክፍል ነው የተማሩት። ሮንዳ ደረቷን ነፍታ ገብታ ስሟን ነገረቻት። ማርሊስ ኮምፒውተሩን አየች፣ መነጽሯን አወረደች፣ እንደገና አየች። ከዚያ «ወደዚህ ነይ እስቲ» ብላ ክትባት ወደምትሰጥበት ትንሽ ክፍል ወሰደቻትና በሩን ዘጋችው።

«ይኼን ያዘዘልሽ ሰው ፊትሽን አይቷል?»

«አላየም።»

«ድምፅሽንስ ሰምቷል?»

«አልሰማም። ጽሑፍ ነው።»

«የልብ ሕመም፣ ደም ግፊት እንዳለብሽ ጠይቆሻል?»

«አምስት ጥያቄ ነው የጠየቀኝ፤ አንዱ የቤት አድራሻዬን ነው።»

ማርሊስ ራሷን ነቀነቀች። «አልሰጥሽም ሮንዳ። ይኼ ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ነው። የሚያስፈልገውን ሰው ያድናል፤ የማያስፈልገውን ሰው ያበላሻል፤ በየመንገዱም ይሸጣል። ሐኪሙ ሳያይሽ፣ ሳይመረምርሽ ያዘዘውን ብሰጥሽ እኔም ጥፋተኛ ነኝ።»

ሮንዳ ፊቷ ቀላ። «ሌባ መሰልኩሽ?»

«በረዶ መጥረጊያዬን ስድስት ዓመት ይዘሽብኛል። ሌባ ነሽ ብዬ ባስብ እስካሁን ፖሊስ አልጠራም?»

ቀድማ የሳቀችው ሮንዳ ናት። ከዚያ ስለ ወፍ ቤቱ ነገረቻት፤ ስለ ውሃውም፤ ስለ ሠላሳ ሰባቱም። ማርሊስ እስክትጨርስ አላቋረጠቻትም። ስትጨርስ ከኪሷ ብዕር አውጥታ አንድ ስምና ስልክ ቁጥር ጻፈችላት።

«ዶክተር ኤስቴላ ባካ። ሚዙላ ነው ያለችው። የአእምሮ ሐኪም ናት፤ በቪዲዮ ታያለች። የእሷን ትእዛዝ አውቀዋለሁ። ስጠራጠር እደውላለሁ፤ ራሷ ታነሣለች፤ ስለ በሽተኛዋም ታውቃለች። ጊዜ ይወስድብሻል። ግን በትክክለኛው በር ግቢ፤ ያኔ እኔም ቆሜ እሰጥሻለሁ።»

በሞንታና ምዕራብ ያለው ሚዙላ ከሃሎራን አምስት መቶ ማይል ይርቃል። በአቅራቢያቸው ሌላ የአእምሮ ሐኪም የለም። ሮንዳ ያኔውኑ በመድኃኒት ቤቱ በር ላይ ቆማ ደወለች፤ ቤት ደርሼ እደውላለሁ ብትል እንደማትደውል ታውቃለች። ቀጠሮ ከአምስት ሳምንት በኋላ ተሰጣት። ጌለን ቀኑን የቀን መቁጠሪያው ላይ፣ የመታጠቢያ ቤቱ መስተዋት ላይና የመኪናዋ መሪ ላይ ጻፈው። የቀጠሮው ዕለት ጠዋት ደግሞ ክንዷ ላይ በማርከር ጻፈላት።

«ከብት አደረግኸኝ እኮ» አለችው።

«ከብት ብትሆኚ ምልክቱ አይለቅም ነበር» አላት።

የቤታቸው ኢንተርኔት ነፋስ ሲነሣ ይቆረጣል፤ በሃሎራን ደግሞ ነፋስ የማይነሣበት ቀን የለም። ስለዚህ ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ሄደች። ሰዎች በቪዲዮ የሚታከሙባት በር ያላት አንዲት ጠባብ ክፍል እዚያ አለች። ልክ በሰዓቱ ስክሪኑ ላይ ብርማ ፀጉር ያላት፣ ጉንጫም ሴት ብቅ አለች።

«ደህና አረፈዱ ወይዘሮ ሶርሊ። መታወቂያዎን ወደ ካሜራው ያሳዩኝ እስቲ። አሁን በአካል ያሉት የት ነው? መስመሩ ቢቆረጥ በየትኛው ስልክ ላግኝዎ?»

ሮንዳ መለሰች። «ደግሞ አንቺ በይኝ ዶክተር። እርስዎ ስትይኝ የልጆቼ ርዕሰ መምህር የጠራችኝ ይመስለኛል።»

ንግግሩ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ሐኪሟ ስለ እንቅልፏ ጠየቀቻት፤ ስለ መጠጥ፣ ስለ ሐዘን፣ ስለ ጭንቀት፣ በቤተሰቧ በልብ ሕመም በድንገት የሞተ ሰው እንዳለ። ልጅ ሳለች ምን ትመስል እንደነበረ፣ አሁን ቀኗ እንዴት እንደሚውል ጠየቀቻት። ሮንዳ ስታወራ ድንገት ከስክሪኑ ጠፋች።

«ሮንዳ? አለሽ?»

«አለሁ፤ ከጠረጴዛው ሥር ነኝ። ስንነጋገር ይንቀጠቀጣል፤ አንዱ ቡሎን ላልቷል።»

«ካቻቢቴ ይዘሽ ነው የመጣሽው?»

«ሁልጊዜ ኪሴ ውስጥ አለ።»

ዶክተር ባካ ፈገግ ብላ አንድ ነገር ጻፈች።

በዚያ ቀን ግን መድኃኒት አላዘዘችላትም። ሮንዳ በአካባቢዋ ክሊኒክ ደም ግፊቷን እንድትለካ፣ የልብ ምርመራና የሽንት ምርመራ እንድታደርግ ነገረቻት። በስቴቱ መዝገብ ሌላ ቁጥጥር ያለበት መድኃኒት ትወስድ እንደሆነም እያየች መሆኗን አልደበቀቻትም። «ከዚያ ደግሞ ልጅ ሳለሽ የሚያውቅሽ ሰው ማናገር እፈልጋለሁ» አለች። «ይኼ ነገር ትልቅ ሰው ላይ ድንገት አይጀምርም። ካለ ከጥንትም ነበረ።»

«እናቴ አለች» አለች ሮንዳ። «ግን አስጠንቅቄሻለሁ።»

የሮንዳ እናት አርዲስ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፤ መኪና ትነዳለች፤ አስተያየቷንም አትደብቅም። በሁለተኛው ቀጠሮ የእሑድ ቀሚሷን ለብሳ፣ የጫማ ካርቶን ታቅፋ መጣች። ከስክሪኑ ፊት ተቀምጣ ሐኪሟን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«እርስዎ ነዎት ዶክተሯ? እኔ ልጄን አላበላሸኋትም፤ ይኼን አስቀድሜ ልንገርዎ።»

«ይኼን ማንም አላለም ወይዘሮ አርዲስ። ትንሽ ልጅ ሳለች ምን ትመስል እንደነበር ብቻ ይንገሩኝ።»

አርዲስ ካርቶኑን ከፈተች። የሮንዳ የትምህርት ቤት ካርዶች ከመጀመሪያ ክፍል እስከ አሥራ ሁለተኛ በላስቲክ ታስረው ተቀምጠዋል። ሮንዳ መኖራቸውንም አታውቅም ነበር። እናትየው መነጽሯን አድርጋ ማንበብ ጀመረች።

«ሁለተኛ ክፍል። ሮንዳ ጎበዝ ልጅ ናት፤ ወንበሯ ላይ ብትገኝ ደግሞ ይበልጥ ጎበዝ ትሆናለች። ሦስተኛ ክፍል። ጥያቄውን ሳልጨርስ መልሱን ትናገራለች፤ መልሱ ትክክል ነው፤ ጥያቄው ግን የሌላ ልጅ ነው። አራተኛ ክፍል። የክፍሉን ሰዓት ፈታችው፤ እስካሁን አልገጠመችውም።»

«ሰዓቱን አስታውሳለሁ» አለች ሮንዳ። «አንድ ጥርስ ጎድሎበት ነበር።»

አርዲስ ስድስተኛ ክፍል ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተቀየረ። ካርዱ ላይ በራሷ እጅ የጻፈችው አለ፤ ለመምህሩ የመለሰችው መልስ ነው። አነበበችው። «ልጄ ሰነፍ መሆኗን አውቃለሁ፤ እቤት እቀጣታለሁ።» ካርዱን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። «እንዲህ ብዬ ነው የጻፍኩት። አርባ ዓመትም እንዲሁ አልኳት።»

«በዚያን ዘመን የሚያውቀው አልነበረም» አለች ዶክተር ባካ። «በተለይ ሴት ልጆች ላይ ማንም አያይም ነበር። እርስዎ ግን ካርዶቹን አልጣሏቸውም። ለዛሬ የጠቀሙን እነሱ ናቸው።»

አርዲስ የልጇን እጅ ያዘች፤ እንደዚያ ማድረግ አትወድም ነበር። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። «ለመሆኑ ይኼ ነገር ከእናት ይወረሳል?»

«ብዙ ጊዜ ይወረሳል። ለምን ጠየቁኝ?»

«እንቁላል ጥጄ መጥቻለሁ መሰለኝ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሮንዳ አሁንም ስታወራው ትስቃለች። አርዲስ ለጎረቤቷ ልትደውል ስልኳን ብትፈልግ ካርቶኑ ውስጥ፣ ከካርዶቹ ሥር ተገኘ። ጎረቤትየዋ ሮጣ ገብታ ድስቱን አነሣች፤ እንቁላሎቹ እንደ ጥይት ፈንድተው ጣሪያው ላይ ተለጥፈዋል፤ ቤቱ ግን ደህና ነው። ዶክተር ባካ አምስት መቶ ማይል ላይ ሆና እንባዋን በመሐረብ ትጠርግ ነበር።

የምርመራው ውጤት ሁሉ ደህና ነበር። ሐኪሟ በሦስተኛው ቀጠሮ በግልጽ ነገረቻት። «ኤዲኤችዲ አለብሽ ሮንዳ። የትኩረት ችግር ይሉታል። ሰነፍ አይደለሽም፤ ሆነሽም አታውቂም።» ሮንዳ ካቻቢቴዋን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፣ እንደገና አነሣችው፣ «እሺ» አለች። ቆይታም «እሺ» አለች።

ሕጉ በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለውን መድኃኒት በቪዲዮ ማዘዝ ይፈቅድ ነበር። ዶክተር ባካም ውሉን አንድ በአንድ አስረዳቻት። አንድ ሐኪም፣ አንድ መድኃኒት ቤት። በተቆለፈ ሳጥን ይቀመጣል። ለማንም አይሰጥም፣ ለእናትም ቢሆን። የወሩ ሲያልቅ ተነጋግረን እንደገና ይታዘዛል እንጂ በዚያው አይደገምም። ሕጉ ከተለወጠ ደግሞ በአካል እንገናኛለን።

«ይኼ ሁሉ ለአንድ ፍሬ ኪኒን?» አለች ሮንዳ።

«ለአንድ ፍሬ። ጠዋት፣ ከቁርስ ጋር።»

ትእዛዙ በኮምፒውተር ማርሊስ ጋ ደረሰ፤ መድኃኒቱ ግን አልቆባት ነበር። በዚያ ዓመት በየቦታው እጥረት ነበረ። ማርሊስ ወደ አከፋፋዮቹ እየደወለች ስትለምን ዘጠኝ ቀን ሆነ። በዘጠነኛው ቀን ራሷ ወደ ጋራዡ ስልክ ደወለች። «ነይ» አለቻት። ሮንዳ ስትደርስ ማርሊስ ነጭ ጋዎኗን ቆልፋ፣ እንደማታውቃት ሁሉ መታወቂያ ጠይቃ፣ አስፈርማ ትንሿን ጠርሙስ ሰጠቻት። ከዚያ ከመደርደሪያው ዞራ ወጥታ አቀፈቻት።

መድኃኒቱ እንደ ተረት ወዲያው አልሠራም። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም የለም። መጠኑ ሲጨመር ደግሞ አፏ ደረቀ፣ ምግብ አስጠላት፤ አንድ ቀን ጌለን ሲመጣ ቡሎኖችን በመጠናቸው ስትደረድር ስድስት ሰዓት ሙሉ እንደቆየች አገኛት። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ቡሎን። «ያምራል» አላት፤ «ምሳ በልተሻል?» አልበላችም። ለሐኪሟ ነገረቻት፤ መድኃኒቱ ቀስ እያለ በሰውነት ውስጥ በሚለቀቅ ዓይነት ተቀየረላት፤ ጌለንም በየጠዋቱ ሳንድዊች ጠቅልሎ ጋራዡ በር ላይ ይሰቅልላት ጀመር።

በሚያዝያ መጨረሻ አንድ ጠዋት አንድ የሣር ማጨጃ ፊቷ ተቀምጦ ነበር። ካርቡሬተሩን አወረደች፣ አጠበች፣ አደረቀች፣ መለሰችው። ከበስተኋላዋ ስልክ ጮኸ፤ ሰማችው፤ ኋላ እደውላለሁ አለች፤ ቡሎኑን አጠበቀች። ካንዴላውን ቀየረች። ገመዱን ስትስበው ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሣ። አጠፋችውና ቆመች። ጧት የጀመረችው ያው ማሽን ነው። ጨርሳዋለች። ፈራ ተባ እያለች ዙሪያዋን አየች፤ ሌላ የተከፈተ ነገር የለም። ወጣችና ለጌለን ደወለችለት፤ እሱ እህል እያራገፈ ስለነበር ድምፅዋ አይሰማውም ነበርና «ጨረስኩ» እያለች ትጮህ ነበር፤ እሱ ደግሞ «ማን ሞተ?» ይላል።

ሰኔ ሲገባ ከሠላሳ ሰባቱ ሠላሳ አንዱ ሠርተዋል። ስድስቱ መዳን አይችሉም ነበር፤ ለመለዋወጫ ተፈቱ። አሁን የቀረው መመለስ ነው፤ እሷ ደግሞ ከጥገናው ይልቅ ይህን ፈራችው። ሰው ከስንት ዓመት በኋላ የሣር ማጨጃ ይዞ በር ሲያንኳኳ ምን ይላል? ጌለን ተሳቢውን ከፒክአፑ ጋር አገናኘ። «ደህና ዋላችሁ ይላል» አላት። «ከዚያ ማሽኑን ያወርዳል።»

መጀመሪያ የሄዱት ኤልዉድ ቤት ነው፤ ሚስቱን የቀበረ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ብቻውን የሚኖር የሰማንያ አራት ዓመት ሽማግሌ። የሣር ማጨጃው ሮንዳ ጋ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጧል። ኤልዉድ በረንዳው ላይ ሆኖ ማሽኑ ሲወርድ በትዕግሥት ተመለከተ። ግቢው ውስጥ አራት ፍየሎች ሣር ይግጣሉ።

«ሮንዳ ነሽ?»

«እኔ ነኝ ኤልዉድ። ይቅርታ፤ ዘገየሁ።»

«ሰባት ዓመት ጠበቅሁሽ። ከዚያ ፍየል ገዛሁ።» ወደ ፍየሎቹ ዞረ። «አሁን ለእነዚህ ምን ልበላቸው? ከሥራ ተባራችሁ ልበላቸው?»

ሮንዳ ሞተሩን አስነሣችለት። ፍየሎቹ ወደ አጥሩ ሸሹ። ኤልዉድ ከበረንዳው ወርዶ እጀታውን ያዘና ከበሩ እስከ መንገዱ አንድ ረድፍ ሣር አጨደ፤ ኮፍያው ሊወድቅ ደርሶ ነበር፤ አላስተዋለውም። ሲመለስ «ማክሰኞ ማክሰኞ እኔ፣ ሌላውን ቀን እነሱ» አለ። ይዘውት እንዲሄዱም ሁለት ጠርሙስ የፍየል ወተት ሰጣቸው፤ ጌለን በመንገድ ላይ አንዱን ጠጣው።

ቤቨርሊ ዳህል ቤት ግን ሮንዳ ከመኪናው አልወርድም አለች። የእንጨት መቁረጫው የቤቨርሊ ባል የክሌት ነበር፤ ክሌት ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። ሮንዳ ቀብሩ ላይ ሄዳ ዓይኗን ከቤቨርሊ ስታሸሽ ነበር የዋለችው። ጌለን አልገፋፋትም፤ ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀ። በመጨረሻ ቤቨርሊ ራሷ ወጣች፤ መሳሪያውን ተሳቢው ላይ አየችው።

«የክሌት ነው?»

«የእሱ ነው። እሱ ሳለ መመለስ ነበረብኝ ቤቭ።»

«ይነሣል?»

«ይነሣል።»

«አስነሺው እስቲ።»

ሮንዳ ወርዳ ገመዱን ሳበች፤ በመጀመሪያው ጮኸ። ቤቨርሊ ከትከሻዋ ጀምሮ መንቀጥቀጥ ስትጀምር ሮንዳ ደነገጠች፤ ቀርባ ስታያት ግን ሳቅ ነው። «እሱ እኮ አምስት ጊዜ ሳይስበውና እናቱን ሳይሰድብ ተነሥቶለት አያውቅም» አለች። «በአንድ ጊዜ ሲነሣ ቢያይ ይናደድ ነበር።» ወደ ቤት አስገባቻቸው፤ የክሌትን ፎቶ፣ የክሌትን ጫማ፣ የክሌትን ውሸቶች ሁሉ አመጣችላቸው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳቁ። ሮንዳ ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው ሰማቻት፤ ሐሳቧ አንድ ጊዜም አልሸሸም።

የማርሊስ በረዶ መጥረጊያ በሐምሌ ሙቀት፣ በቀይ ሪባን ታስሮ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ቆመ። ማርሊስ ወጥታ ዙሪያውን ዞራ አየችው። «በረዶ ሲዘንብ ታመጪዋለሽ ብዬ ነበር የማስበው። በዚህ ፀሐይ ምን ላድርግበት?» አለች። ከዚያ ደንበኞቿ ቆመው እያዩ አስነሣችውና በባዶው አስፋልት ላይ እስከ ፖስታ ቤቱ ድረስ ነዳችው። የመንገዱ አቧራና አሸዋ ሁሉ ፖስታ ቤቱ መስኮት ላይ ተነፋ። የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ወጥቶ ተቆጣ፤ ማርሊስም በነጭ ጋዎኗ ይቅርታ ጠየቀች፤ ያም ሆኖ በዚያው ነድታ ተመለሰች።

መስከረም ላይ ዶክተር ባካ በዓመት አንድ ጊዜ የምታደርገውን የምሥራቅ ጉዞ ጀመረች፤ በየወረዳው ክሊኒክ አንድ አንድ ቀን ተቀምጣ በስክሪን የምታያቸውን በሽተኞች በአካል ታያለች። የሃሎራን ቀን ሲደርስ ሮንዳ በሰዓቱ፣ ክንዷ ላይ ምንም ሳይጻፍበት ገባች። ሐኪሟ ከወንበሯ ስትነሣ ሮንዳ ግራ ገባት፤ ዓይኗን ዝቅ አድርጋ ፈለገቻት።

«ዶክተር፣ ቁመትሽ ይኼ ብቻ ነው?»

«ስክሪኑ ላይ ከወገቤ በላይ ነው የሚታየው። ብዙ ሰው ይናደድብኛል።»

ደም ግፊቷን ለካችው፣ ክብደቷን አየች፣ ስለ እንቅልፏ ጠየቀቻት። «የሚያስቸግርሽ ነገር አለ?» አለቻት።

«አንድ አለ። ጌለን ሥራ እንደምጨርስ ካወቀ ወዲህ ዝርዝር መጻፍ ጀምሯል።»

ምርመራው ሲያልቅ ሮንዳ እስከ መኪናዋ ሸኘቻት። ዶክተር ባካ ቀጣዩ ከተማ ዘጠና ማይል ይቀራታል። ሮንዳ መንገዱን አስረዳቻት፤ ነዳጅ የት እንደሚገኝ፣ ድልድዩ ጋ አጋዘን በድንገት እንደሚገባ፣ የትኛው ምግብ ቤት ሾርባው እንደማይበላ። ሐኪሟ መስኮቱን አውርዳ እጇን ሰጠቻት፤ እጇ ትንሽ፣ ሞቅ ያለ ነበር፤ ሮንዳም ግራሶ እንዳያስነካት ከጣቶቿ ጫፍ ብቻ ልትይዛት ስትል ሐኪሟ ሙሉ እጇን አጥብቃ ጨበጠቻት።

መኪናዋ ከከተማው ስትወጣ ጌለን በፒክአፑ መጥቶ ቆመ። ከኋላ ጀልባ ጎትቷል፤ ሁለት የዓሣ መያዣ ዘንግ፣ አንድ የምሳ ሳጥን። ወንዙ ላይ ነፋስ የለም አላት፤ ይህ ደግሞ በሃሎራን በዓመት ሁለት ቀን የሚሆን ነገር ነው። ሮንዳ ጋራዡን ልዝጋ አላለችም፤ ዘግታው ነበር የመጣችው። ገባችና እግሯን ዳሽቦርዱ ላይ ሰቅላ ተቀመጠች። እስከ ወንዙ ድረስ አንዴም አልተቁነጠነጠችም፤ ጌለንም ይህን አይቶ በየመታጠፊያው ፈገግ ይል ነበር።